የጌታቸው መኩሪያን «ሞአ አንበሳ» ለመልመድ ከየት እንጀምር?

ጥያቄውን ያነሣው ከባሕር ዳር የሚጽፍ የሙዚቃ ወዳጅ ነው። የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን ሽለላ ከልቡ ይወዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቀርጸው፣ ኋላም በ2003 የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ እንደገና በሚያሳትመው በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ እንደገና የወጡትን ሥራዎች የትኛው ትንፋሽ የት እንደሚያልቅ ሳይቀር ያውቃቸዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጌታቸው ከሆላንዱ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር በ2006 ያወጣውን «ሞአ አንበሳ» ግን ከሁለተኛው ዜማ በላይ መታገሥ አልቻለም። ጊታሩ ይፈትጋል፣ ድራሙ ይደበድባል፣ ሳክስፎኑ መሀል ላይ የሰመጠ ይመስለዋል። ጥፋቱ የቀረጻው ይሁን የጆሮው ማወቅ ይፈልጋል። ከየት እንደሚጀምርም፣ የአውሮፓውያኑን ሙዚቃ ሳያውቅ ይህ አልበም ሊገባው ይችል እንደሆነም ጠይቋል።

ውይይቱ ረዘመ፤ መሀል ላይም ተካረረ። የሚጠቅመው ነገር እዚህም እዚያም ስለተበተነ መልሶቹን በተራቸው እተርካቸዋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ሲደርስ እሱንም እናገራለሁ።

መልስ 1 ከደብረ ማርቆስ ነው፤ በትሕትና የተጻፈ። ያልጣመን ሙዚቃ መታገል ግዴታ አይደለም፣ የድሮዎቹ ቅጂዎች ለአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃሉ ይላል። መልካም ምክር ነው፤ ለተጠየቀው ግን መልስ አይሆንም። ሰውዬው መተው ይፈቀድ እንደሆነ አልጠየቀም።

መልስ 2 አልበሙ እንዴት እንደተወለደ ይዘረዝራል። ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን በ2004 ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘው፤ እዚያም አይ ሲ ፒ ከሚባለው የሆላንድ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ዘ ኤክስን አጅቡኝ፣ አብረን እንቅረጽ ያለው ራሱ ጌታቸው ነው። ይህ ነጥብ ኋላ በመልስ 8 ላይ ዋና መከራከሪያ ስለሚሆን አንባቢ ይያዘው። የዚህ መልስ ጸሐፊ ግን ዘ ኤክስን የጃዝ ባንድ ብሎ ስለጠራ መልስ 3 ወዲያው አረመው፦ በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ባንድ ነው፣ ጃዝ አይደለም፤ ጌታቸውን ከመጋበዛቸው በፊት በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው በየከተማው ተጫውተዋል፤ አልበሙን ያሳተመው «ተርፕ»ም የጊታሪስቱ የቴሪ ሄሴልስ ነው። እርማቱ ለአድማጭ ጥቅም አለው። ከጃዝ ባንድ የሚጠበቀው እየተለዋወጠ የሚሄድ የአኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ጉዞ እዚህ የለም፤ እሱን የሚፈልግ ጆሮ ባዶውን ይመለሳል።

መልስ 4 የውይይቱ እምብርት ነው። የጻፈው ባሕር ዳር የሚኖር የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ሲሆን ጠያቂውን ወንድሜ እያለ፣ ከታሪኩ ዘልሎ በቀጥታ ወደ አሰማሙ ይገባል።

መጀመሪያ ሳክስፎንም ጊታርም የሌለበት፣ በሰው ድምፅ ብቻ የተባለ ቀረርቶና ፉከራ ስማ ይለዋል፤ ለጎጃም ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። ስትሰማም ግጥሙን ለጊዜው ተወውና ሦስት ነገር ብቻ ያዝ፦ ፎካሪው የት እንደሚተነፍስ፣ ስንኙ ከላይ ተነሥቶ እንዴት ወደ ታች እንደሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን እየሳበ ይተወው ወይስ በድንገት ይቁረጠው። ቀጥለህ የ1970ዎቹን ቅጂ ክፈት። አሁን ጆሮህን ከሳክስፎኑ ላይ አንሣና ወደ አጃቢዎቹ መልሰው። አጃቢዎቹ አንዲት አጭር ሐረግ ሳይለዋውጡ ይደጋግማሉ፤ ሳክስፎኑ ግን የእነሱን ምት አይቆጥርም። በራሱ ትንፋሽ ይሄዳል፣ የሚገናኙትም ስንኙ ሲያልቅ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ መሆኑን ጸሐፊው አጥብቆ ይናገራል። አድማጩ ሳክስፎኑን በጭክችካው ስድስት ምት ውስጥ ሊያስገባው ይሞክራል፤ አልገባ ሲለው ተጫዋቹ ምት የሳተ ይመስለዋል። ሽለላ ግን ድሮም በምት የታሰረ አይደለም። በድሮው ቅጂ አጃቢው ለስላሳ ስለሆነ ይህ ልዩነት ሳይቆረቁር ያልፋል፤ በ2006ቱ አጃቢው ጠንካራ ስለሆነ ያው ልዩነት ፊት ለፊት ወጣ። ስለዚህ አዲስ የተጨመረ ችግር የለም፤ የነበረው ነው የተገለጠው።

ሦስተኛው ደረጃ ራሱ «ሞአ አንበሳ» ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው በአንድ ቁጭታ አትስማው፤ ሁለት ዜማ ይበቃል፣ ምክንያቱም የጊታሩና የጸናጽሉ ሹል ድምፅ ጆሮን ቶሎ ያደክማል፤ የደከመ ጆሮ ደግሞ ሁሉንም ነገር አንድ ጫጫታ አድርጎ ይሰማዋል። አንዱን ዜማ ሦስት ጊዜ ደጋግመው። በመጀመሪያው ድራሙን ብቻ ተከተል፣ እግርህ ምቱን እስኪይዝ። በሁለተኛው ዝቅ ብሎ የሚሄደውን ሐረግ ያዝ። በሦስተኛው ብቻ ሳክስፎኑን። ጊታሩ ውስጥ ዜማ አትፈልግ፤ የጊታሮቹ ሥራ ፎካሪውን ከብበው እሰይ፣ በለው የሚሉት ሰዎች ሥራ ነው። ስንኙ ሲያልቅ ይነሣሉ፣ ፎካሪው ሲጀምር ወይ ይገፉታል ወይ ቦታ ይለቁለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አክሏል። ለማጥናት ብሎ ፍጥነቱን ወደ 0.75 የሚያወርድ ሰው ይሳሳታል፤ ፕሮግራሙ ቃናውን ጠብቆ ሲጎትተው የሳክስፎኑ ሻካራነት ይቀባባል፣ ቪብራቶውም (የድምፁ መወዛወዝ) እንደ ሁለት ኖታ መመላለስ ይሰማል። አጭር ክፍል መርጦ በትክክለኛው ፍጥነት መደጋገም ይሻላል።

እኔ ከዚህ መልስ የምጨምረው የለኝም፤ ሌላውን ያላነበበ ሰው ይህን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል።

መልስ 5 ከሞጣ የመጣ አጭር ጥያቄ ነው፦ በስልክ የሚሰማ ሰውስ? መልስ 6 ፍኖተ ሰላም ውስጥ የድምፅ መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ የጻፈው ሲሆን ከመልስ 4 ቀጥሎ የሚጠቅመው እሱ ነው። የስልክ ስፒከር ከ300 ኸርትዝ በታች ያለውን ድምፅ በደካማው ነው የሚያወጣው። የቴነር ሳክስፎን ዝቅተኛው ድምፅ 104 ኸርትዝ አካባቢ ነው፤ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር ደግሞ 41። ስለዚህ በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው ከታች ያለውን መሠረት አጥቶ የሚሰማው ፍትጊያውን ብቻ ነው። ጠያቂው ሳክስፎኑ ሰመጠ ያለውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጆሮ ማዳመጫ መስማት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ሁለት ጊታር ያለበት ቅጂ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይደባለቃልና አንዱ ጆሮ ከሌለ ከሁለቱ ጊታሮች አንዱ ይጠፋል። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ብሉቱዝ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚደፋቸው ጊታሮቹ ሳክስፎኑ ላይ ይከመራሉ።

መፍትሔውንም በዝርዝር ሰጥቷል። ሁለቱንም ጆሮ የሚይዝ ባለገመድ ማዳመጫ ይሁን፣ ዋጋው ውድ መሆን የለበትም። ቤዝ የሚጨምረውን ማስተካከያ አጥፉ፤ ዝቅተኛውን ድምፅ አሳብጦ የድራሙን ምት ይሸፍነዋል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ፋይል ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ወደ 64 ወይም 96 ኪሎቢት ወርዷል፤ በዚህ ጊዜ የጸናጽሉ ድምፅ እንደሚንጠባጠብ ውኃ ይሆናል፣ የሳክስፎኑ ሻካራነትም ወደ ፉጨት ይለወጣል። ቢያንስ 192፣ ከተገኘም 320 ይሁን። በሁለት ስፒከር የሚሰማ ሰው ስፒከሮቹን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አራርቆ፣ እሱም ያንኑ ያህል ርቆ መሀል ይቀመጥ። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ኖሮት ኮርኒስ ከሌለው ሹሉ ድምፅ እየተንጸባረቀ ይመለሳልና ከኋላ ግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ለውጥ ያመጣል።

እስከዚህ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። መልስ 7 መጣና በአጭሩ ጫጫታ ጫጫታ ነው አለ፤ ፈረንጆች ቅርሳችንን ወስደው አበላሹት፣ የእኛ ሰው ደግሞ ፈረንጅ ስላደነቀው ብቻ ጆሮውን ሊያስተምር ይፈልጋል ሲል ጠያቂውንም ጎሸም አደረገው። መልስ 8 በቁጣ ተነሣ። ጌታቸው በ1935 የተወለደ፣ በ1949 በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረ፣ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ የገባ ሰው ነው። ዘ ኤክስን አጅቡኝ ሲል ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ፈረንጅ እጁን ይዞ እንደ መራው ሕፃን አድርጎ መናገር ቅርስን መጠበቅ አይደለም፣ የቅርሱን ባለቤት መናቅ ነው ይላል። አክሎም መልስ 7ን የጻፈው ሰው አልበሙን ጨርሶ መስማቱን እንደሚጠራጠር ተናገረ።

ቁጣውን ባይጨምርበት ይሻል ነበር፤ ክርክሩ ግን ትክክል ነው። የአልበሙ ዜማዎች አብዛኞቹ የእኛው ናቸው፤ መሪው ድምፅም የጌታቸው ነው።

መልስ 9 የዳንግላ አዛውንት ናቸው። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ገሠጹና መልስ 7ን አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ ሽለላ መቼ ለስላሳ ሆኖ ያውቃል? የሚባለው ለተቀመጠ ሰው ሳይሆን ሊነሣ ለተዘጋጀ ሰው ነው፤ ስለዚህ አጃቢው ቢከብድበት ከጠባዩ አልወጣም። መልስ 7 ለእሳቸው በአክብሮት፣ አባቴ ብሎ መለሰ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ይህ ምላሽ ቁጥር 10 ተብሎ ተመዝግቧል።

መልስ 11 በገናን አመጣ። የእኛ ጆሮ ሻካራ ድምፅ አያውቅም የሚለውን ለማፍረስ ነው። በበገና አሥሩ ክሮች ሥር፣ ክሩ ድልድዩን በሚነካበት ቦታ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ እንዝራ ይባላሉ። ክሩ ሲመታ በቆዳው ላይ ይነዝራል፣ ያ ነዛሪ ድምፅ ነው በገናን በገና የሚያደርገው። እንዝራው ከሌለ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፣ ግን ማንም በገና ብሎ አይቀበለውም። ስለዚህ የዘ ኤክስ ጊታር ነዘረ ብሎ መሸሽ የራስን ባህል አለማስተዋል ነው ይላል።

በዚህ ላይ መልስ 12 በጠንካራ ቃል መጣ። የጻፉት በገና የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። የበገና ንዝረት እንዲያው የተለቀቀ ጩኸት አይደለም፤ እያንዳንዱ እንዝራ በጣት እየተገፋ፣ ሚሊ ሜትር በሚያህል ልክ ወደፊትና ወደ ኋላ እየተደረገ፣ አሥሩም ክር እኩል እስኪነዝር ድረስ ይስተካከላል። ወደ አንድ በኩል ቢያልፍ ክሩ ይታፈናል፣ ወደ ሌላው ቢያልፍ ንዝረቱ ይጠፋል። ከዚያም በላይ በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከፉከራ ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጡ አላስደሰታቸውም። መልስ 13 (የመልስ 11 ጸሐፊ) የኔታ ብሎ መለሰላቸው። የጸሎቱን ነገር እንደሚቀበል፣ የተናገረው ስለ ድምፁ ብቻ እንደሆነ፣ እሳቸው ስለ ማስተካከል የጻፉትም ሐሳቡን እንደሚያጠናክርለት አስረዳ፦ ሻካራነት ተለክቶና ታስቦ የሚሠራ ነገር ነው። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። የዘ ኤክስ ጊታሪስቶች ክሩን ሲፈትጉም ሲገጩም መቼ እንደሚጀምሩና መቼ እንደሚያቆሙ የሰማ ሰው ልኩን ያገኘዋል።

መልስ 14 ጌታቸው ይህን አነፋፍ ከአሜሪካኖቹ ፍሪ ጃዝ የወሰደው እንደሆነ ጻፈ። መልስ 15 አልተቀበለውም። ከፍሪ ጃዝ ቀዳሚ ሳክስፎኒስቶች የኦርኔት ኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1958 ነው፣ የአልበርት አይለር ቅጂዎች ደግሞ ከ1962 ጀምሮ፤ ጌታቸው ከዚያ በፊት በቴአትር ቤቱ መድረክ ላይ የነበረ ሰው ነው። ይልቅ ምንጩን እዚሁ ፈልጉት ይላል። ጌታቸው ሳክስፎን ከመያዙ በፊት ክራርና ማሲንቆ ይጫወት ነበር። በማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚኬደው በመንሸራተት ነው። የጌታቸው ሳክስፎን ወደ ኖታው ከታች እየተንሸራተተ የሚገባው፣ ከወጣም በኋላ ድምፁን እያወዛወዘ የሚይዘው ይህን ይመስላል።

ማሲንቆ ከተነሣ በኋላ ወሬው ወደዚያው ሄደ። መልስ 16 ከቢቸና ነው፤ በክረምት ማሲንቆው ድምፁ እየደነዘዘ ስላስቸገረው ምክር ጠየቀ። መልስ 17 መለሰለት፦ ቆዳው እርጥበት ስለሚጠጣ ይረግባል፣ ድልድዩ ይሰምጣል፣ የፈረስ ጭራው ይላላል። ከእሳት አጠገብ ማድረግ ይቻላል፣ ግን በክንድ ርዝመት ርቆና እየተገላበጠ፤ ተጠግቶ ከቆየ ቆዳው ይሰነጠቃል ወይም ከሳጥኑ ጠርዝ ይለቃል። ተጫውቶ ሲጨርስ ክሩን ማላላት አለበት። ሙጫውን በደጋኑም በክሩም ላይ መቀባት ነው፤ ካነሰ ደጋኑ ያዳልጣል፣ ከበዛ ይንጫጫል፣ ነጭ ዱቄትም ቆዳው ላይ ይረግፋል። መልስ 18 ውይይቱ ስለ ሳክስፎን ነው ብሎ ተቆጣ። መቆጣቱ አግባብ ነበር፤ ምክሩ ግን ለባለ ማሲንቆ እውነተኛ ምክር ስለሆነ አላለፍኩትም።

መልስ 19 ከእንጅባራ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ በፈረስ ላይ ሆኖ የሚፎክር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስንኙን አሳጥሮ፣ ጫፉን በድንገት ቆርጦ እንደሚጥል ያስታውሳል። ሜዳው ሰፊ፣ የፈረሱ ኮቴም ብርቱ ስለሆነ የተለዘበ ድምፅ አይደርስም። የጌታቸው ሳክስፎን በከባዱ ድራም ላይ ለምን ወደ ላይኛው መዝገብ (ወደ ቀጭኑ ድምፅ) እንደሚወጣና ጠርዙን እንደሚያሾል ከዚህ መረዳት ይቻላል ይላል። መልስ 4ን የጻፈው ሳክስፎኒስት አመሰገነው።

መልስ 20 ሌላ ክስ ይዞ መጣ፦ ጊታሮቹ ከቅኝት ውጭ ናቸው። መልስ 21 ከደብረ ማርቆስ የምትጽፍ የሙዚቃ መምህርት ናት፤ የሰጠችው መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከዶ ተነሥተን ብንቆጥር ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ማይነር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። አንቺሆዬን የለመደ ጆሮ ተጋጭ ድምፅ አላውቅም ሊል አይችልም፤ ከዶ ወደ ሶል ፍላት ያለውን ርቀት በየሠርጉ ሲሰማው የኖረ ነውና። ቀጥላም ሁለት ነገር ለየች። ጊታሩ ሲፈተግ የሚወጣው ድምፅ እንደ ከበሮ ቁርጥ ያለ ኖታ ስለሌለው ከቅኝት ውጭ ነው ሊባል አይችልም። ኖታ በሚጫወትበት ጊዜ ደግሞ አጭር ሐረግ ይደጋግማል እንጂ የአኮርድ ክምር አያመጣም። ቅኝትን የሚያበላሸው አኮርድ ነው ትላለች። በማይነር ትዝታ ዶ ማይነርና ላ ፍላት ሜጀር ከአምስቱ ድምፆች አይወጡም፤ ኪቦርዲስቱ ፋ ማይነርን ሲጨምር ግን ፋ፣ ሶል ሜጀርን ሲጨምር ደግሞ ሲ ይገባል፣ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ማንም ሳይቃወም በየድግሱ የሚሰማው የኪቦርድ አጀብ ከዘ ኤክስ ጊታር ይልቅ ከቅኝት የራቀ ነው ማለቷ ነው።

ይህ መልስ ከአልበሙ አልፎ የሚሄድ ነገር ይዟል። አስቸጋሪ የምንለው ብዙ ጊዜ ያለመድነውን ነው፤ የለመድነው ስሕተት ግን አያስቸግረንም። መልስ 20ን የጻፈው ሰው አልተመለሰም።

መልስ 22 ሳክስፎን የሚማር ወጣት ነው፤ የጌታቸውን ሻካራ ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣው ጋሼ ብሎ መልስ 4ን ጠየቀ። መልስ 23 እንዲህ ይዘልቃል። መሀለኛውን ሶል ያዝና ቀጥ ያለ ድምፅ አውጣ። ድምፁን ሳታቋርጥ በጉሮሮህ አንጎራጉር፤ የምታንጎራጉረው ከምትነፋው ጋር አንድ ዓይነት ቃና መሆን የለበትም። አንድ ከሆነ ሁለቱ ይዋሃዱና ሻካራነቱ አይመጣም፣ ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ድምፁ ከታነቀ ጉሮሮህ ተዘግቷል ማለት ነው፤ አፍህን ለቀቅ አድርገህ አየሩን ጨምር። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አትለፍ፣ ጉሮሮ ከከረከረህም አቁም።

ቪብራቶው ሌላ ሥራ ነው፤ በጉሮሮ ሳይሆን በመንጋጋ ይሠራል። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በ60 አስቀምጠህ በአንድ ምት አራት ጊዜ መንጋጋህን ዝቅ ከፍ አድርግ፤ እኩል ሲሆንልህ ወደ 72 ውጣ። የጌታቸው ሰፊ ስለሆነ ፍጥነቱን ከመጨመርህ በፊት ስፋቱን ጨምር። 3½ ቁጥር ሪድ (ሲነፋ የሚነዝረው ሸምበቆ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠነክራል) ላይ ይህ ይከብዳል፤ 2 ወይም 2½ ይታዘዛል። በጣም የለሰለሰ ሪድ ግን በላይኛው መዝገብ ላይ ይዘጋል።

መልስ 24 አንድ የጎደለ ነገር ሞላ። ቴነር የሲ ፍላት መሣሪያ (በጣት ዶ ሲያዝ ሲ ፍላት የሚሰማበት) ስለሆነ ጊታሩ በዶ ማይነር ትዝታ ሲጫወት ሳክስፎኒስቱ በጣቱ የሚይዘው ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት ነው። ይህን ሳያውቁ ከቅጂው ጋር የሚለማመዱ ልጆች አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብለው ይነፉና ችግሩን ቅጂው ላይ ይጥላሉ።

በመልስ 25 ጠያቂው ተመለሰ። የመልስ 4ንና የመልስ 6ን ምክር ይዞ ሄዶ ነበር። በሁለቱም ጆሮ ሲሰማ ከታች ያለው ሐረግ እንደተገኘለት፣ ድራሙም የዘፈቀደ ድብደባ እንዳልሆነና የዘ ኤክስ ድራመኛ ካተሪና ቦርኔፌልድ ምቱን አጥብቃ እንደምትይዘው፣ ሳክስፎኑ ግን አሁንም ከሌሎቹ ነፋሾች ጋር ሲሆን እንደሚምታታበት ጻፈ። መልስ 26 (አሁንም የባሕር ዳሩ ሳክስፎኒስት) ለየለት። በአልበሙ ላይ ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስፎንና ትሮምቦን በእንግድነት ገብተዋል። ትሮምቦን እየተንሸራተተ ከታች የሚመጣው ነው፣ ጠርዙም ነሐስ ነሐስ ይላል። አልቶ ከቴነር ቀጠን ያለ ነው። ክላርኔቱ ብዙ ጊዜ ትንፋሽና ፉጨት የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ከሁሉም ሰፊው ቪብራቶ የጌታቸው ነው፤ ሲምታታብህ ሌላውን ትተህ ረጅም ኖታ እስኪመጣ ጠብቅ፣ የሚወዛወዘውን ያዝና እስከ ስንኙ መጨረሻ ተከተለው።

መልስ 27 ያው የመልስ 7 ጸሐፊ ነው። መልስ 21ን ማንበቡን፣ ስለ ኪቦርዱ የተባለው እውነት መሆኑን፣ ይሁን እንጂ የድሮውን ቅጂ እንደሚመርጥ ጻፈ። ጨዋ መልስ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

መጨረሻ ላይ የቀረው ክርክር ከየትኛው ዓይነት ዜማ ይጀመር የሚል ነው። መልስ 28 በዘፈን ከሚታወቁት ዝግ ካሉት ዜማዎች መጀመር ይሻላል ይላል፤ ጆሮ ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጊታሩ አያስደነግጠውም። መልስ 29 ሽለላው ይቅደም ይላል፤ በዝግ ያለው ዜማ ላይ አድማጩ የድሮውን ዘፋኝ ድምፅ እየጠበቀ ሁሉንም ከእሱ ጋር ያወዳድራል፣ በሽለላው ላይ ግን የሚያወዳድረው ሳክስፎኑን ከራሱ ከድሮው ሳክስፎን ጋር ነው። እኔ መልስ 29ን እመርጣለሁ። ጠያቂውም እሱን መርጦ፣ በአልበሙ ካሉት ሽለላዎች አንዱን «ቼ በለው»ን በመጀመሪያ ለድራሙ ብቻ ሊሰማው፣ ሳክስፎኑን ግን ለነገ ሊያቆየው እንደሆነ በመልስ 30 ጽፏል።